አዳራሹ ሲስቅ

«አሁን ሐኪሙ ፋሻውን ሊፈታላት ነው» አለች ራዲዮ፣ አፏን ከአክስቷ ጆሮ ሳታርቅ።

«ቀስ ብሎ ነው ወይስ እንደ ነገሩ?»

«በጣም ቀስ ብሎ።»

ራዲዮ እውነተኛ ስሟ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ከኋላቸው የተቀመጠ ሰውዬ «ኧረ ይቺን ራዲዮ ዝጉልን!» ብሎ ሲጮህ ሲኒማ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ አክስቷም ስሙን ወደደችውና ቤት ድረስ ይዛው ሄደች። ሌላ ልጅ ብትሆን አፍራ ትቀር ነበር። እሷ ግን ዓይነ ስውር ለሆነች አክስት እንደ እሷ አሳምሮ ፊልም የሚተርክ ሰው በከተማው ውስጥ እንደሌለ ታውቃለች፤ ትንሽም ትኩራራበታለች።

ሥራው ቀላል አይደለም። ፊልሙ የሌላ አገር ነው፤ ትርጉሙ ከሥር በጽሑፍ ያልፋል። እሱን በአንድ ትንፋሽ አንብባ፣ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ደግሞ መሃል ላይ ጣል ማድረግ አለባት። ማን እንደተናገረ ለመግለጽ ጊዜ ስለማይበቃ የአክስቷን ጣቶች ለተዋንያኑ አከፋፍላቸዋለች። የዛሬዋ አውራ ጣት ምድጃ ፈንድቶባት ዓይኗን ያጣች ዳቦ ጋጋሪ ናት። መሃል ጣት ሐኪሙ ነው። ሌባ ጣት፣ እንደ ስሙ፣ ዳቦ የሚሰርቀው ደንበኛ ሆኗል። ሰው ሲናገር የእሱን ጣት ጫን ታደርጋለች።

ፋሻው ወደቀ። ዳቦ ጋጋሪዋ ዓይኗን ገለጠች። ራዲዮ ከሥር ያለውን ጽሑፍ አነበበች። «ጨለማ ነው፣ ዶክተር» ይላል።

የአክስቷ ፋሻ የተፈታው አምና ነው። ራዲዮ ያን ቀን ሆስፒታል አብራት ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረችው አክስቷ «እስኪ መብራቱን አብሩት» ስትል፣ መብራቱ በርቶ ነበር።

ራዲዮ ያንን ደግማ ልታሰማት አልፈለገችም። የአክስቷን አውራ ጣት ተጫነችና «ይታየኛል! ይታየኛል፣ ዶክተር!» አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለስ የለም። አዳራሹ ግን ጭጭ አለ። ከፊት ረድፍ አንዲት ሴት አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማ።

«ሰዉ ምን ሆኗል?» አለች አክስቷ። «ዓይኗ በርቶላት አንድ የሚያጨበጭብ ሰው ይጥፋ?»

«በ... በደስታ እያለቀሱ ነው።»

«ደስታ እንዲህ ዝም ያሰኛል እንዴ?» አለች አክስቷ፤ ግን አልገፋችበትም።

ከዚያ በኋላ ራዲዮ ፍዳዋን አየች። ዳቦ ጋጋሪዋ ግድግዳውን እየዳበሰች ስትገባ «ቤቷ ናፍቋት ነው፣ ግድግዳውን ታሻሸዋለች» አለች። ጎረቤቷ «መንገዱን ማን መራሽ?» ስትላት ጽሑፉን ዘለለችው። አንዱን ቀዳዳ ስትደፍን ሌላው ይከፈታል።

ሌባው ደንበኛ መጣ። በጣቱ ጫፍ እየተራመደ ገብቶ ዳቦውን ኮቱ ውስጥ ወሸቀ። ዳቦ ጋጋሪዋ ጆሮዋን ቀሰረች፤ ዱቄት ዘገነች፤ ፊቱ ላይ ቦነነ! ሌባው ወደ ሌላ ጥግ ሸሸ፤ እዚያም ደገመችው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የሚያፏጭ አለ፤ ወንበር የሚደበድብ አለ፤ የአንዱ ፈንዲሻ ሰው አናት ላይ ተበተነ።

አክስቷ እጅጌዋን ጎተተቻት። «ምን ተፈጠረ? ምን አደረገች?»

«ሌባው ላይ ዱቄት በተነችበት።»

«እና?»

«በቃ።»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ያስቃል?»

ምኑም አያስቅም። የሚያይ ሰው ሌባ ላይ ዱቄት ቢበትን ማን ይስቃል? አዳራሽ ሙሉ ሰው ሆዱን ይዞ ሲንፈራፈር አክስቷ ብቻ ጥርሷን ገጥማ፣ ቋንቋው እንደማይገባት እንግዳ ተቀምጣለች። ራዲዮ ራሷን ጠላች። ለአክስቷ አዘንኩ ብላ ሳቋን ቀምታታለች።

«አክስቴ» አለች፣ «ዳቦ ጋጋሪዋ አታይም። ፋሻው ሲፈታም አልታያትም። ዋሽቼሽ ነው።»

የአክስቷ እጅ ከእጇ ውስጥ ሸሸ።

«ለምን?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ።»

«እኔ እዚህ የመጣሁት እንድታስታምሚኝ ነው?» ከኋላቸው አንዱ «እሽሽ!» አለ። አክስቷ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። «የመጣሁት ሰዉ የሚያየውን ፊልም ለማየት ነው፤ አንቺ የፈቀድሽልኝን አይደለም።»

ራዲዮ አንገቷን ደፋች። አክስቷ እንዲህ የተናደደችባት ጊዜ ትዝ አይላትም። ከእንግዲህ አብረሽኝ አትምጪ ብትላትስ?

አክስቷ ግን ጎኗን ጎሰም አደረገቻት። «ታዲያ ሳታይ እንዴት አገኘችው?»

«በጫማው! ጫማው ሲጥ ሲጥ ይላል» አለች ራዲዮ፣ ነፍስ እየዘራች። «ወደ ግራ ሲሸሽ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲሸሽ ወደ ቀኝ። በመጨረሻ ‹እኔ አይደለሁም› ሊል አፉን ሲከፍት፣ ዱቄቱን ዝግን አድርጋ አፉ ውስጥ!»

አክስቷ ሳቀች። አዳራሹ ስቆ ከጨረሰ በኋላ፣ ብቻዋን፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሰዉ ዞር ዞር እያለ አያት፤ ሳቅ ይጋባልና ከፊት ረድፍ ጀምሮ እንደ አዲስ ተሳቀ። እሽሽ ያለው ሰውዬ እንኳ አልቀረም።

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ዳቦ ጋጋሪዋ ሱቋን ዘጋች። ሙዚቃ የለም፤ ንግግር የለም፤ ከሥር የሚያልፍ ጽሑፍም የለም። በሩን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ እንባዋ በዱቄታሙ ጉንጯ ላይ ወረደ። አዳራሹ ውስጥ ማንም ትንፍሽ አላለም። አሁን ራዲዮ ብትዋሽ የሚያሳብቅባት ድምፅ የለም። «ሱቋን ዘግታ ወደ ቤቷ ሄደች» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል። የአክስቷ ፊት ደግሞ ከሳቁ በኋላ ገና እንደፈካ ነው።

ራዲዮ ወደ አክስቷ ጆሮ ጠጋ አለች።

«አክስቴ፣ እያለቀሰች ነው።»

የአክስቷ ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ብቻዋን?»

«ብቻዋን። ወለሉ ላይ ተቀምጣ።»

አክስቷ ወደ ስክሪኑ ቀና አለች።

«እሺ» አለች። «ቀጥዪ።»