ያልቆመው ቢጫ

«ይሄ እኮ ቀለም የገባበት ውሃ ነው!» አለች ኦዲያ፣ ብልቃጡን እያሸተተች።

«ቀስ በይ በናትሽ!» ቶመር ዞር ዞር ብሎ አየ። የእስራኤል ተማሪዎች የሳይንስ ውድድር ዳኞች እነሱ ጋ ለመድረስ አንድ ጠረጴዛ ብቻ ቀርቷቸዋል።

የሁለቱ ማሽን በዓይን አትታይም፤ ሞለኪውል ናት። ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍባት ክንዷን ትዘረጋለች፤ ያኔ የኬሚካሉን ለውጥ ታፋጥናለች፣ ፈሳሹም ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። አረንጓዴ ብርሃን ሲበራ ክንዷን ታጥፋለች፣ ለውጡም ቀጥ ይላል። ቀጥ ይላል ተብሎ ነበር የታሰበው። የእነሱ ግን በአረንጓዴውም ቢጫነቱ እየባሰበት ሄደ። ለዚህ ነው ቶመር «ቆሟል» ብሎ የሚያሳየው የቀለም ውሃ ያለበት ብልቃጥ ያዘጋጀው።

«ያሸነፈ በጋውን ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ይገባል» አለ። «ዓመቱን ሙሉ ስለሱ ስታወሪ ጆሮዬን አደንቁረሽው የለ እንዴ?»

«እና በውሸት ልግባ?»

«ስሚኝ። ሌሎቹ ሲሳሳቱ ‹አይዟችሁ፣ ሞክራችኋል› ይባላሉ። እኛ የራማት የዲዲም ሰፈር ኢትዮጵያውያን ስንሳሳትስ? ‹ድሮስ ከእነሱ ምን ይጠበቃል!› ውሸት ነው በይኛ!»

አምና የሒሳብ መምህሯ መቶ ያገኘችበትን ፈተና እያገላበጠ «ማን ረዳሽ?» ብሏታል። ቶመር በዚህ አልዋሸም፤ ያበገናትም እውነት መሆኑ ነው።

«እሺ፣ ይሉናል» አለች ጥርሷን ነክሳ። «እና አንተ አጭበርብረህ ቃላቸውን እውነት ታደርግላቸዋለህ?»

ቶመር ቀና አለ። ፀጉሯ የሸበተ ዳኛ ከፊታቸው ቆማለች። ከኋላዋ የኬሚስትሪ መምህራቸው፣ በዕብራይስጡ አጠራር ሞራ ኤሊሼቫ፣ በኩራት ፈገግ ብላለች።

«አረንጓዴውን ስታበሩት ይቆማል?» አለች ዳኛዋ።

ቶመር ኦዲያን በልመና አያት። የሞራ ኤሊሼቫን ፈገግታ ላለማየት ኦዲያ አንገቷን ደፋች። የውሃውን ብልቃጥ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ እውነተኛውን ፈሳሽ መሃል ላይ አስቀመጠች።

«አይቆምም» አለች። «ለምን እንደማይቆም ገና አላገኘንም። ጊዜ ካለዎት ይቀመጡና ይዩት።»

ዳኛዋ ወንበር ሳበች።

ቶመር ወደ ኦዲያ ዞሮ «አንቺ እብድ!» ብሎ አጉተመተመና አረንጓዴውን መብራት ሰካ።