ከሳሽ የሌለው ፍቺ

ተስፋነህን ያገኘሁት ከአንበሳሜ ወደ ደብረ ታቦር በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ያረምኳቸው የተማሪዎቼ ደብተሮች ከጭኔ ተንሸራተው ወደቁ። አጎንብሶ ሲለቅምልኝ የአንዱን ውጤት አየና፣ «አራት ከአሥር? መምህርት፣ ጨካኝ ነሽ!» አለኝ። ሳቅኩ። በዓመቱ ተጋባን፤ ትሕትናን ወለድን።

ልጃችን በአራት ዓመቷ ሞተች። የሳንባ ምች ነው አሉን። እኔ ጉንፋን መስሎኝ ሁለት ቀን ቤት አቆየኋት። እሱ የግብርና ባለሙያ ነውና የገብስ ዘር ሊያከፋፍል ጉና ወጥቶ፣ «ነገ እመለሳለሁ» ያለው ሦስት ቀን ቆየ፤ ስልኩም አይሠራም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተጣላንም። ብንጣላ በስንት ጣዕሙ! አንድ ማዕድ እንቀርባለን፤ ዐይኖቻችን ግን ይሸሻሻሉ። ስሟን የሚጠራ የለም። መቃብሯ ጋ እንኳ የምንሄደው በየተራ ነበር፤ አንድ እሑድ እሱ፣ አንድ እሑድ እኔ። እየወደድኩት አብሬው መኖር አቃተኝ። እሱም እንደዚያው።

«እንፋታ» ስንል የንስሐ አባታችን አባ ደሞዜ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። በአገራችን ወግ መጀመሪያ አጥፊው መታወቅ አለበት፤ ካሳውም እርቁም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ባልሽ ምን በደለሽ?» አሉኝ።

«ምንም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባ።»

«እሷን አይስሟት፣ አባ። አጥፊው እኔ ነኝ» አለ ተስፋነህ።

አባ ደሞዜ መስቀላቸውን አገላበጡ። «ልጆቼ፣ ሁለት አጥፊ መጣልኝ እንጂ ከሳሽ የለም። ማንን ካስ፣ ማንን ይቅር በል ልበል?» አሉና አለቀሱ።

ፍርድ ቤት ግን ምክንያታችንን አልጠየቀንም። ዳኛዋ፣ «በስምምነት ስትፋቱ ሕጉ ምክንያት ንገሩ ብሎ አያስገድዳችሁም» ብለው የሦስት ወር ማሰቢያ ጊዜ ሰጡን። ለካ እኔ የፈለግሁት እንዲጠይቁኝ ነበር። ሦስቱ ወር በዝምታ አለፈ።

በቀጠሯችን ቀን ዳኛዋ፣ «ልጅ አላችሁ?» አሉ።

«አንዲት ሴት ልጅ አለችን። ትሕትና ትባላለች» አለ ተስፋነህ። ስሟን ከአፉ ከሰማሁ ዓመት አልፎኝ ነበር።

«ከማን ጋር ነው የምትኖረው?»

«ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀብራለች። በየተራ ነው የምንጠይቃት።»

ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። እኔ አለቀስኩ፤ እሱም አለቀሰ። ከቀበርናት ወዲህ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነው።

ፍቺው ጸደቀ። ደጅ ስንወጣ፣ «ርብቃ፣ የፊታችን እሑድ ተራው የማን ነው?» አለኝ።

«የሁለታችን» አልኩት።

ይኸው እሑድ እሑድ አብረን እንሄዳለን። ስለ እሷ እናወራለን፤ አንዳንዴም እንስቃለን። ስንመለስ መገንጠያው ላይ እሱ ወደ ጋፋት፣ እኔ ወደ ገበያው እንለያያለን። ባለፈው እሑድ እዚያው ቆመና፣ «መምህርት፣ እኔን ከአሥር ስንት ትሰጪኛለሽ?» አለኝ።

ሳልመልስለት ሄድኩ። ሳለቅስ እንዳያየኝ ነው።