ጎንበስ ብለው ይግቡ

«ምን ይላል?» አሉ እማማ የዓለምዘርፍ፣ በከዘራቸው ጫፍ የመርከቡን መግቢያ ሰሌዳ እያሳዩ።

ማኅደር ቀና ብላ አነበበችው። መሰላሉ ቁልቁል ነው፤ ጎንበስ ብለው ይግቡ፤ ራስዎን ይጠብቁ ይላል። ኪሷ ውስጥ ስልኳ እንደገና ነዘራት። ጓደኛዋ ሲሐም ናት። ዛሬ ልደቷ ነው፤ ጓደኞቻቸው በሙሉ ዊተን ከተማ እነሲሐም ቤት ይሰበሰባሉ። አያቷ ደግሞ ከመኪናው ወርደው እዚህ ለመድረስ ብቻ ሁለት ጊዜ ቆመው አርፈዋል። በዚህ አካሄድ መርከቡን ዞረው እስኪወጡ ኬኩ ተቆርሶ ያልቃል።

«ትልልቅ ሰዎች መግባት አይፈቀድላቸውም ይላል፣ እማማ።»

ነገሩ ከአፏ እንዴት እንዳመለጣት እሷም አላወቀችም። ካመለጣት በኋላ ግን ልትመልሰው አልሞከረችም።

እማማ ሰሌዳውን ትንሽ ሲያዩት ቆዩ። «እንግዲህ የሰው አገር ሕግ ነው፤ ምን ይደረጋል» አሉና ውሃው ዳር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «አንቺ ግቢ። የመርከበኞቹን መኝታ ግን ደህና አድርገሽ እይልኝ። ለገሰ ‹እንደ ዕቃ ተደርድረን ነው የምንተኛው› ሲለኝ የሚቀልድ ይመስለኝ ነበር።»

ለገሰ ታናሽ ወንድማቸው ነው። ምጽዋ ላይ መርከበኛ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንደወጣ አልተመለሰም። እማማ ከደሴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከመጡ ወዲህ፣ ልጃቸው የማኅደር አባት ገላው «የት ልውሰድሽ?» ብሎ ያልጠየቀበት ሳምንት የለም። ሊመለሱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ነው አንድ ነገር የጠየቁት፦ መርከበኛ የሚተኛበትን ቦታ ማየት። ገላውም ባልቲሞር ወደብ ላይ ቆሞ የሚጎበኝ አሮጌ ሰርጓጅ መርከብ አገኘላቸው።

አሁን መኪናውን አቁሞ ትንሹን ወንድሟን ኖላዊን አስከትሎ መጣ። «እማዬስ?»

«ደከመኝ፣ እዚሁ ልጠብቃችሁ አሉ» አለች ማኅደር ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ።

«እሷ? ትናንት እኮ ስለዚህ መርከብ ስታወራ እራቷ ቀዘቀዘባት።» ከሩቅ እጁን አውለበለበላቸው። እማማም ‹ግቡ፣ ግቡ› በሚል ምልክት መለሱለት።

ውስጡ የዘይትና የአሮጌ ብረት ጠረን አለው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም።

«አባዬ፣ ይሄ ከኮሮላህ ይጠባል፤ ሲሪየስሊ» አለ ኖላዊ።

«ኮሮላዬን ተዋት፤ ትምህርት ቤት የምታደርስህ እሷ ናት።»

ከፊት በኩል ባለው ክፍል አልጋዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው ተደራርበዋል፤ ከሥራቸው በውሃ ውስጥ የሚተኮሰው ረጅሙ ቶርፔዶ ተጋድሟል። አስጎብኚው አንዱ መርከበኛ ከአልጋው ሲነሳ ሌላው ወዲያው እንደሚተኛበት፣ ፍራሹ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ እንዳልነበረው ነገራቸው። እሱ ሲያወራ ከኋላ አንዲት ጀርባቸው የጎበጠ ነጭ አሮጊት፣ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ብቅ አሉ። አስጎብኚው ንግግሩን አቋርጦ እጃቸውን ያዘ። «ቀስ ይበሉ፤ ጊዜ አለን» አላቸው።

ገላው ፈዞ አያቸው። «እኚህ ሴትዮ እማዬን በአሥር ዓመት ይበልጣሉ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ትንሽ ብገፋፋት ኖሮ ትገባ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ማኅደር ፊቷን ከአባቷ አዞረች። ቢያንስ ለእማማ ላሳያቸው ብላ አልጋዎቹን ፎቶ አነሳች። ፎቶው ላይ ሰፊ መስለው ታዩ። ከላዩ የሲሐም መልእክት ወረደ፦ «የት ደረስሽ? አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው።»

ዞራ በሰዎቹ መካከል እየተሹለከለከች ወደ መውጫው ሄደች።

«ወዴት ነው?» አለ ገላው።

«እመጣለሁ።»

እማማ እዚያው ናቸው። «አየሽልኝ?»

«እማማ፣ ሰሌዳው አይከለክልም። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

እማማ ከዘራቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ።

«ስለምን?»

«የጓደኛዬ ልደት እንዳያመልጠኝ ብዬ።»

እማማ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ። «እኔ ደግሞ እዚህ ተቀምጬ ሕጉን ያወጡትን ሰዎች ስረግም ቆየሁ» አሉ በመጨረሻ። ፈገግ አላሉም።

ማኅደር እጇን ዘረጋች። አልያዙትም፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ብቻቸውን ተነሱና ወደ መርከቡ አመሩ። እሷ ከኋላቸው እየተከተለች ለሲሐም ጻፈች፦ «አልመጣም። አትጠብቁኝ።» ስልኩን አጠፋችው።

መሰላሉ አፍ ላይ ሲደርሱ ከዘራቸውን ተቀብላቸው ቀድማ ወረደች። ከላይ የእማማ ጫማ እርከኑን ፍለጋ አየሩን ሲዳብስ አየች። ሁለት እርከን ተመልሳ ወጥታ ትከሻዋን አስጠጋች።

«እኔ ላይ ይርገጡ፣ እማማ።»

ጫማው ትንሽ አመነታ። ከዚያ ክብደቱ አረፈባት።