«ና» ሳይሆን «ነይ»

«ፀሐይ የምትወጣበትን መንገድ ረስታ ይሆን እንዴ?»

እመት ዝማም ይህን የጠየቁት የልጅ ልጃቸውን ሲማርን ነበር፤ መልሱን ግን እሳቸውም አያውቁትም። በሐንዞር መንግሥት ላይ ጉም ከተጋደመ ሰንብቷል። እህሉ በማሳው ሻገተ፤ ሕፃናቱ ሳል በሳል ሆኑ።

ቀድሞማ እንዲህ አልነበረም። ጎሕ ሲቀድ የፀሐይ አለት ሌሙሮች፣ እነዚያ ጅራታቸው ጥቁርና ነጭ ቀለበት የደራረበ፣ ዓይናቸው እንደ ፍም የሚነድ ፍጥረታት፣ እንደ ሰው ቁጭ ብለው ነጩን ሆዳቸውን ለምሥራቅ ይሰጡ ነበር። መሪያቸው ክንዶቿን ስትዘረጋ ጉሙ ይከፈላል። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ የጦር አለቃው ራስ ቀርነ ትልቁን ወንድ «ንጉሣቸው ይህ ነው» ብሎ በወጥመድ ያዘው፤ የወርቅ ሐብል አጥልቆም ቤተ መንግሥት አሰረው። ሴቶቹ ግልገሎቻቸውን አዝለው ወደ እሾሃሙ ገደል ሸሹ። ፀሐይም ያን ዕለት ቀረች።

ራስ ቀርነ ግን «ሌላ ንጉሥ ሾመው ይሆናል» ብሎ በገደሉ አፋፍ መለከት እያስነፋ ያስጠራል፦ «የአለቱ ንጉሥ ሆይ፣ ሕዝብህን ይዘህ ና!» የሚመጣ የለም።

አንድ ቀን ሲማር እየሮጠች ቤት ገባች።

«እማማ፣ የታሰረው ሌሙር ማንጎ ሲሰጡት ያሸተዋል፣ ግራ ቀኙን ያያል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል! እስክትቀድመው እየጠበቀ እኮ ነው!»

«ማን ናት የምትቀድመው?»

«መሪዋ! ሴት ናት የምትመራቸው! እነሱ ‹ና› እያሉ እሷ እንዴት ትምጣ?»

የእመት ዝማም ደም ፈላ። «ወይ ጉድ! ጢም ያበቀለ ሁሉ ተሰብስቦ አንተንና አንቺን መለየት ያቅተው?» ወዲያው ግን የጥንቱ ትንቢት ትዝ አላቸውና ቀሚሷን ጨምድደው ያዙ። «‹የጠራቸው ዳግም ማንንም አይጠራም› ይላል እኮ! ድምፅሽን ይወስደዋል! ደግሞ ብርዱ! ነጠላ እንኳ አልደረብሽም!»

ሲማር እጇን ወደ ጨለመው ሰማይ አነሣች። «በሐንዞር ሕፃናት እስትንፋስ እምላለሁ፤ ፀሐይን ሳላይ ወደዚህ ደጃፍ አልመለስም!»

ዶርሳ የተባለ የቤተ መንግሥት ዘበኛ በሌሙሩ መከራ አንጀቱ አርሮ ነበርና ሰንሰለቱን በጠሰላት። ሦስቱም ወደ ገደሉ ወረዱ። ከእሾሁ መካከል የጉም አነር፣ በሬ የሚያህል አውሬ፣ ዘሎ ወጣባቸው። ዶርሳ ጦሩን ሳይሰነዝር ሌሙሩ ሽታ የሚያመነጨውን የእጁን አንጓ በጅራቱ ላይ አሸት አሸት አድርጎ፣ ጅራቱን በአውሬው ፊት አራገበ። ግማቱ አይጣል ነው! አነሩ እያስነጠሰ ፈረጠጠ።

«እኔንም ገደለኝ እኮ!» አለ ዶርሳ አፍንጫውን ይዞ።

ሲማር ከት ብላ ሳቀች። ድምፅ ያለው የመጨረሻ ሳቋ ያ ነበር። ከገደሉ ግርጌ ቆማ፣ ያላትን ድምፅ ሁሉ አሰባስባ፣ «የአለቱ እናት ሆይ፣ ነይ!» ብላ ጮኸች።

አንዲት ትንሽ ሌሙር ግልገሏን አዝላ፣ ጅራቷን እንደ ሰንደቅ አቁማ ከእሾሁ ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። አለቱ ላይ ወጥታ ክንዶቿን ዘረጋች፤ ጉሙ ተቀደደ፤ ብርሃን ሐንዞርን አጥለቀለቀው። ዶርሳ ማንጎ ቢያቀርብ እሷ ቀመሰች፤ ከዚያ ያ የከሳ ወንድ በላ።

ሲማር ቤቷ ገብታ «እማማ» ልትል ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ድምፅ የለም። እመት ዝማም አቅፈዋት ሲንሰቀሰቁ አዋጅ ነጋሪ ከደጅ ጮኸ፦ «ስማ! ስማ! ራስ ቀርነ በክንዳቸው ብርታት ፀሐይን መለሱ!»

«ምን አልክ አንተ?» እመት ዝማም በሩን በረገዱት። «ዋሾ! የኔ ልጅ ናት የመለሰቻት! ድምጿ መሄዱ ሳያንስ ስሟንም ልትበሉት? ሲማር፣ ንገሪው እንጂ!»

ያሉትን ሲሰሙት አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

ሲማር የአያቷን እንባ ጠረገች። ነጠላዋን ከተሰቀለበት አውርዳ ደረበች፤ ከቤት ወጥታ በአዋጅ ነጋሪው አጠገብ አለፈች፤ እንደ አለቱ እናትም ክንዶቿን ለፀሐይ ዘረጋች።