ጭቃዋ ያልለቀቀ ካሮት

የሚጣ አጎት የፍሪጁን ጎን በማንኪያ መታ መታ አደረገና ጆሮውን ለጠፈ።

«አለቀለት» አለ።

የአጎቷ ሥራ ሬዲዮ መጠገን ነው። ሶኬት ያለው ነገር ሁሉ የሬዲዮ ዘመድ ነው ብሎ ስለሚያምን ግን ዘመድ አዝማዱንም ያክማል። እናቷ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ታዳምጠዋለች። ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገና መግባቷ ነው፤ ጣቶቿ ውሃ ጠግበው ተጨማደዋል።

«ይሠራል እኮ፣ ድምፁ ይሰማል» አለች።

«እሱ ለይሉኝታ ነው።»

ማስረጃው ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። ካሮቱ ፌስታሉ ውስጥ እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል። ጎመኑ ጠቁሯል። ቃሪያው ሲነኩት ይፈርጣል። ቅዳሜ ተገዝቶ ገና ረቡዕ ነው፤ ያለፈው ሳምንትም እንዲሁ ሆኖ ነበር።

«በቃ፣ እሁድም እገባለሁ» አለች እናቷ። «አለቃዬ ሰው ጎደለኝ እያለች ነው። ሌላ ፍሪጅ እስኪገዛ ነው። ሚጣ፣ አጎትሽን ሸኝተሽ ይሄን ጣይልኝ።»

ሚጣ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስሙ ግን አብሯት አላደገም። እሁድ እናቷ እስኪበቃት የምትተኛበት ብቸኛው ቀን መሆኑን ታውቃለች። በዚያ ቀን ጎረቤት እንኳ በር የሚያንኳኳው በጥፍሩ ነው።

አጎቷን ሸኝታ ተመለሰች። የበሰበሰውን ጣለችና የፍሪጁን መሳቢያ ለመወልወል ሳበችው። ከኋላው አንዲት ካሮት ወድቃለች። ከቅዳሜው ግዢ ያመለጠች መሆን አለባት፤ ጭቃዋ ደርቆ እላይዋ ላይ አለ። ሚጣ ልትጥላት አንስታ ጨበጥ አደረገቻት። እንደ እንጨት ጠንካራ ናት። በዚያው ሞተ በተባለው ፍሪጅ ውስጥ ነው የሰነበተችው።

ያኔ የቅዳሜው ማታ ትዝ አላት። እናቷ ከሥራ መጥታ፣ ቧንቧው ሥር ቆማ አትክልቱን አንድ በአንድ ታጥባለች። ውሃው እየተንጠባጠበ ፌስታል ውስጥ ትከትና አፉን ጥብቅ አድርጋ ታስራለች። ሚጣ ላግዝሽ ስትላት፣ «ፈተና ደርሶብሻል፤ አጥኚ። የኔ እጅ እንደሆነ አንዴ ረጥቧል» ትላለች።

ሚጣ ካሮቷን እንደያዘች ቆመች። ይሄን ለእናቷ እንዴት ብላ ትነግራታለች?

«ሚጣ» ብላ ተጣራች እናቷ ከሳሎን። ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተዘርግታለች። «የአለቃዬን ቁጥር አውጪልኝ እስቲ። ዓይኔ ደክሟል።»

ሚጣ ስልኩን ተቀብላ ቁጥሩን አገኘችው።

«አገኘሽው?»

ሚጣ በስልኩ ፈንታ ካሮቷን እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ካሮት።»

«ካሮት መሆኑንማ አየሁ። ጭቃውን ነው የምልሽ።»

«ያልታጠበች ናት፣ እማ። ከሌሎቹ ጋር ነው የተገዛችው። መሳቢያው ኋላ ወድቃ አገኘኋት።»

እናቷ ካሮቷን አገላበጠቻት። ልታጥፋት ስትሞክር ቀጭ ብላ ለሁለት ተሰበረች። ስብራቱን ትክ ብላ አየችው፤ ቀጥሎ የተጨማደዱ ጣቶቿን አየች።

«ርጥብ ፎጣ አጥፎ ያስቀመጠ ሰው እኛ ጋ ደመወዙን ይቀጣል» አለች ቀስ ብላ። «ይሸታላ። ይሄን ለአዲስ ሠራተኛ የማስተምረው እኔ ነኝ።»

ሚጣ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እንዲቀልሽ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

«ፍሪጁስ ታዲያ?»

«ለይሉኝታ አይመስለኝም።»

እናቷ ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ በአፍንጫዋ ብቻ ተነፈሰች።

«ቅዳሜ ሳታጥቢ ስጪኝ» አለች ሚጣ። «ጎመኑን በደረቅ ጨርቅ እጠቀልለዋለሁ። የቀረውን የምንበላ ዕለት እናጥበዋለን።»

«ጥናትሽስ?»

«አለማጠብ ምን ሥራ አለው?»

እናቷ ግማሿን ካሮት እንደጨበጠች እንቅልፍ ወስዷታል።

የአለቃዋ ቁጥር አሁንም ስልኩ ላይ አለ። ሚጣ ስልኩን ዘግታ በፊቱ ደፋችው። ሌላኛዋን ግማሽ ካሮት አነሳችና፣ አሁን ልትበላት ስለሆነ አጠበቻት። ደብተሯን ከፍታ ተቀመጠች። እናቷን ሳይቀሰቅሱ ያን ያህል ጠንካራ ካሮት ማኘክ ግን ቀላል አልነበረም።