እርሳስ መያዣው ውስጥ ያለችው ቫልቭ

«ይኸውላችሁ! ውሃ ነው!» አለ የሚጡ አጎት፣ የሞተር ሳይክሉን የዘይት መሙያ ክዳን ገልብጦ። ክዳኑ ላይ ወተት የመሰለ ነጭ አረፋ ተለጥፏል። «በቱቦ ስታጥበው ነው ያስገባችበት።»

«በጨርቅ ነው የምወለውለው» አለች የሚጡ ታላቅ እህት። «ቱቦ አስጠግቼበት አላውቅም።»

«ታዲያ ከሰማይ ወረደ?»

አጎቷ በራሱ ቀልድ ሳቀ። አባቷ ግን እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን አምጪ።»

«አባዬ! ነገ ጠዋት ከሦስት ጤና ጣቢያ የደም ናሙና ለላቦራቶሪ አደርሳለሁኮ። ከቀረሁ ሥራውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

«ሞተር መያዝ ለሚችል ሰው ይስጡታ!»

እህቷ ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀምጣ፣ ሄልሜቷን ታቅፋ ወደ ቤት ገባች። ሚጡ ደሟ ፈላ።

በዚህ ቤት የአጎቷ ቃል አይመለስም። ሬዲዮውንም፣ የበሩን ቁልፍም የሚጠግነው እሱ ስለሆነ ሁሉም «ኢንጂነር» ይሉታል። ገጥሞ ሲጨርስ ብሎን ከተረፈው «ድሮም ትርፍ ነው» ይላል።

ከሁለት ወር በፊት ሞተሩን የፈታውም እሱ ነው። ባትሪ ይዛ ያበራችለት ደግሞ ሚጡ። ከዘይቱ መስመር ላይ አውራ ጣት የምታክል ቫልቭ አወጣና «ቴርሞስታት ናት። ዘይቱ ካልሞቀ ወደ ማቀዝቀዣው አታሳልፍም። ምን ይሠራልናል? ሞተር ሁሌም ሲቀዘቅዝ ነው ዕድሜው የሚረዝመው!» ብሎ ወረወረላት። ሚጡም ትምህርት ቤት ወሰደቻት። ቫልቯ የፈላ ውሃ ውስጥ ገብታ ትንሿ ዘንጓ ቀስ ብላ ስትወጣ፣ ክፍሉ በሙሉ አጨብጭቦ ነበር።

ሚጡ ከሞተር ሳይክሉ ወንበር ሥር የመመሪያውን መጽሐፍ አወጣች። ጣቷን እያስከተለች አነበበች። ዘይቱ በደንብ ካልሞቀ፣ ይልቁንም በአጭር ጉዞ፣ ሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመው እርጥበት አይተንም፤ ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ ነጭ አረፋ ይሆናል። ደግማ አነበበችው።

አጎቷ ቧንቧው ጋ እጁን በሳሙና ይፈትጋል።

«ጋሼ፣ ቴርሞስታቷን ያወጣሃት አንተ ነህኮ። ዘይቱ መሞቅ ያቃተው ለዚህ ነው።»

እጁ ቆመ። ዘወር ብሎ በሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አውቃለሁ። አሁን ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለአባዬ ንገረዋ!»

«አንቺ! ፊደል ቆጠርኩ ብለሽ የአባትሽን ወንድም ልታዋርጂ ነው? እህትሽ ወጣት ናት፣ ሌላ ሥራ አታጣም። ዝም በይ።»

አውቃለሁ አለ! ባያውቅ ይሻል ነበር። ሚጡ ወጥ ቤት ገብታ ማንቆርቆሪያውን ጣደች።

ውሃው ሲፈላ አባቷና አጎቷ ሳሎን ተቀምጠው ነበር። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሚጡ ከአጠገቡ ጎድጓዳ ሳህን አስቀመጠች። እርሳስ መያዣዋን ከፍታ ቫልቯን ሳህኑ ውስጥ ጣለቻት፤ ቅጭል አለች።

«እትዬ፣ ነይ!» ብላ ተጣራች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ አባቷ።

ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጇ ይዛለች። አጎቷን አየችው።

«ጋሼ፣ አንተ ትነግረዋለህ?»

አጎቷ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። እህቷ ከበሩ ላይ ደርሳ ቆመች።

«አባዬ፣ ዘይቱ እንዳይሞቅ ያደረገው ጋሼ ይቺን ከሞተሩ ማውጣቱ ነው» አለች ሚጡ። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ቫልቯ ላይ አዘነበለች።