በመሪው ዘይት ውስጥ የነበረው

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። ያየሁትን ግን አይቻለሁ።

ደግሞ በጨለማ የሆነ ነገር አይደለም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ በአማቴ ቤት ጓሮ ነው የሆነው። የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። ገመድ ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቅባት ያለው ነገር አፌ አይገባም። እጄን በሳሙና እታጠባለሁ፣ በአመድ አሻለሁ፣ እንደገና እታጠባለሁ...

አሁንም ይሸተኛል።

የባለቤቴ አባት ሲሞቱ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ትተው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን አሸዋና ድንጋይ ያመላለሱበት መኪና ነው። ከሞቱ በኋላ ጓሮ ቆሞ ዶሮ እንቁላል ይጥልበት ጀመር።

እኔ ደግሞ የምነዳው የሰው መኪና ተሸጦ ቤት ተቀምጬ ነበር። አማቴን፣ "እማማ፣ ለምን አላሠራውም? ለሁላችንም መተዳደሪያ ይሆናል" አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ጓሮው አዞሩ።

"እሱ መሪውን ሰው ሲነካበት አይወድም ነበር" አሉ።

የሐዘን ወሬ ነው ብዬ አለፍኩት።

ባትሪ ቀየርኩ፣ ጎማ ነፋሁ። ቁልፉን ገና ሳዞረው ተነሣ። ባለቤቴን ጎኔ አስቀምጬ በገደሉ መንገድ ልሞክረው ወጣሁ። ደስታዬ ግን እስከ መጀመሪያው ጠመዝማዛ ድረስ ብቻ ነበር። መሪውን አዞርኩ... ምንም። ግማሽ ዙር ድረስ ባዶ ነው። ከዚያ በድንገት ይይዝና መኪናው እንደ በግ ዘሎ ይጠመዘዛል።

የገደሉ አፍ ላይ ቆምን። ባለቤቴ ሁለት እግሯን ዳሽቦርዱ ላይ ተክላለች።

"ልትገድለኝ ነው?"

"እኔ አይደለሁም፤ መሪው ላልቷል።"

"እንግዲያው እስኪጠብቅ ድረስ ብቻህን ሂድበት!"

እጄን ከመሪው ላይ ሳነሣ ተጣብቆ ነበርና እየተላጠ ተላቀቀ። መሪው ወዛም ሆኗል። ጠዋት በሳሙና ወልውየው ነበር እኮ...

በነጋታው ጋሽ ቡሎን መጡ። የሰፈራችን መካኒክ ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ ኪሳቸው ግን ቡሎን አጥቶ አያውቅም። መሪውን ወዲያና ወዲህ አሉትና ሳቁ።

"አየህ ልጄ፣ መሪ ዞሮ ተከታይ ካልዞረ፣ ወይ መሪው አብዷል፣ ወይ ተከታዩ ንቆታል።"

ኮፈኑን ከፍተው የፓወር ስቲሪንጉን ዘይት መያዣ ክዳን አላቀቁ። ወዲያው ፊታቸውን አዞሩ።

የመሪ ዘይት ቀይ ነው። ሲያረጅ ይጠቁራል። ይሄ ግን ነጭ ነበር... እንደረጋ ስብ።

ሽታው የዘይት አይደለም። ያልታጠበ ብብት ይሸታል። በሽተኛ የከረመበት ትራስ ይሸታል። ጠዋት ሳይጉመጠመጥ ጆሮህ ሥር መጥቶ የሚያወራ ሰው አፍ...

"ውሃ ገብቶበት ይሆናል" አሉ ጋሽ ቡሎን። ድምፃቸው ግን ቃላቸውን አላመነም።

ከሥር ሳፋ አድርገው ቱቦውን ፈቱት። እንደ ዘይት አልወረደም። እየተጎተተ... ጧ... ጧ... እያለ ወረደ። ሳፋውን ላስተካክል ስነካው እጄን ሳብኩ።

ሞቋል።

ሞተሩ ከትናንት ጀምሮ አልተነሣም።

ከዚያ ቱቦው ተዘጋ። ጋሽ ቡሎን የዘጋውን ነገር በጣታቸው ቆንጥጠው ሳቡ። ሳቡ... አያልቅም... ሳቡ።

ፀጉር ነው። ሽበት የቀላቀለ እርጥብ ፀጉር። ሥሩ ላይ ፎረፎር ሳይቀር አለ።

"አይጥ ይሆናል" አልኩ።

"የሸበተ አይጥ የት አይተሃል?"

ቀልድ ይመስላል። ማናችንም አልሳቅንም።

በዚህ መሀል አማቴ በጓሮው በር ብቅ አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ አጠገባቸው ያለውን እንኳ በደንብ አያዩም። ቀና ብለው አየሩን አሸተቱ።

"መጣ እንዴ?" አሉ በሹክሹክታ።

"ማን እማማ?"

"እንዳትደፉት" ብቻ ብለው ገቡ።

ጋሽ ቡሎን መኪናውን በክሪክ አንሥተው ከሥር ገቡ። ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱትን ዘንጎች አንድ በአንድ ነቀነቁ።

"እነዚህ ደህና ናቸው። የላላው የመሪው ሳጥን ነው። በሥሩ ቀዳዳ ጣቴን አስገብቼ ልዳስሰው፤ ጋቢና ግባና ስልህ አዙር።"

ሳጥኑ ማለት የመሪው ዘንግ የሚገባበት፣ ውስጡ ጥርስ ያለው የብረት ዕቃ ነው። ያ ጥርስ ነው ጎማዎቹን የሚያዞረው።

ገብቼ ተቀመጥኩ።

"አዙር!"

አዞርኩ።

"በቃ፣ ተው።"

ተውኩ።

"ተው አልኩህ እኮ!"

"ትቻለሁ ጋሼ።"

"አታዙር!... ጣቴን... ጣቴን ያዘኝ!"

ሁለቱም እጆቼ ጭኔ ላይ ነበሩ። መሪው ንቅንቅ አላለም።

ዘልዬ ወረድኩና እግራቸውን ይዤ ጎተትኩ። ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማና ወጡ። ሁለት ጣታቸው እስከ ሥሩ ተጨማዷል፤ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ የዋለ ይመስላል። ምራቅ የመሰለ ነገር ከጫፋቸው ይዝለገለጋል።

"ነከሰዎት?"

ጣታቸውን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አልነከሰኝም..." አሉ። "ጠባኝ።"

በዚህ ብንተወው ኖሮ! ግን ጋሽ ቡሎን ግትር ሰው ናቸው። ብረት አሸንፏቸው አያውቅም። ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የሳጥኑን ክዳን ከላይ በኩል ፈቱት።

አጎንብሰን አየን።

ጥርሱ በቢጫ ስብ ተውጧል። ስቡ ውስጥ ጥፍር አለ። የእግር ጥፍር። ወፍራም፣ ቢጫ፣ ተቆርጦ ተቆርጦ የተከማቸ፣ በያንዳንዱ ጥርስ መሀል የተጠቀጠቀ። ከጥፍሩ ሥር ደግሞ ሐምራዊ፣ እርጥብ የሆነ ነገር ነበር።

ብርሃን ሲያርፍበት... ተኮማተረ።

ጋሽ ቡሎን እዚያው አስታወኩ። እኔም ጎማውን ተደግፌ አንጀቴ እስኪወጣ አስታወክሁ። ቀና ስንል እንባችንና ንፍጣችን ተቀላቅሏል።

"ልጄ፣ እኔ የማውቀው ብረት ነው" አሉኝ አፋቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ። "ይሄ ብረት አይደለም።"

መፍቻዎቻቸውን መሬት ላይ በትነው ሄዱ። አንዲት ቡሎን ስትጠፋባቸው ቀኑን ሙሉ አፈር የሚያበጥሩ ሰው ናቸው።

ዞር ስል ሳፋው የለም።

ወደ ቤት ሮጥኩ። ባለቤቴ መኝታ ቤቱ በር ላይ አፏን በሁለት እጇ ከድና ቆማለች። አማቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ሳፋው አጠገባቸው ነው። ያን ነገር በእፍኛቸው እየዘገኑ ጉልበታቸውን ያሻሉ። ፀጉሩ በጣቶቻቸው መሀል ተጠምጥሟል። አገጫቸው ወዝቷል። ከንፈራቸውም...

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?" አለች ባለቤቴ። ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

"ጉልበቴን ሲያሽልኝ እንዲህ ነበር የሚሞቀው" አሉ ፈገግ ብለው።

ሳፋውን ቀማኋቸው። ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ደፋሁት። ሲወርድ የፈሳሽ ድምፅ አላሰማም። የሥጋ ድምፅ ነው ያሰማው።

አማቴ ይጮኻሉ፣ ያለቅሳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ልጃቸው በሙቅ ውሃ እያጠበቻቸው ሳለ ግን ወደ እኔ ዞር ብለው፣

"ታዲያ አሁን የት ይሁን?" አሉኝ።

ፒክአፑን በማግስቱ አሮጌ ብረት የሚሰበስቡ ሰዎች ወሰዱት፤ ቆራርጠው እንዳቀለጡትም ሰምቻለሁ። ጋሽ ቡሎን ዛሬም ይሠራሉ፤ አንድ እጃቸው ላይ ግን ጓንት አይለይም። መፍቻዎቹን ስወስድላቸው በር ሳይከፍቱ፣ "ጣላቸው" አሉኝ። አማቴን ብቻቸውን መተው ስላልሆነልን ወደ እኛ ቤት አመጣናቸው። ባለቤቴ ስለዚያ ቀን እንዳነሣባት አትፈልግም። እኔም አላነሣም።

ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ነበርን። አማቴና ባለቤቴ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እኔ ፊት ለፊታቸው ወንበር ላይ ነኝ። ባለቤቴ ስለ ጎረቤታችን አጥር እያወራች ትስቃለች።

አማቴ ቀና ብለው አየሩን አሸተቱ። ከዚያ ወደ ግራ ፈቀቅ አሉ።

ባለቤቴ ወሬዋን ሳታቋርጥ... ዓይኗን እንኳ ከሳህኑ ሳታነሣ... ወደ ቀኝ ፈቀቅ አለች።

መሀላቸው አንድ ሰው የሚበቃው ቦታ ተከፈተ።

የሶፋው ስፖንጅ ቀስ ብሎ ጎደጎደ።

ከዚያ ጨርቁ... ከታች ወደ ላይ... መወዛት ጀመረ።